ከ«ተ» ፊደል ጋር ስለተቆረጠው መብራታችን

ለተከበሩ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ
ሦስተኛ ፎቅ፣ ምንጣፍ የተነጠፈበት ኮሪደር መጨረሻ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ከጀርባዎ የተገጠመው የአየር ማቀዝቀዣም በመልካም ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ያለኝን ጽኑ እምነት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። ማቀዝቀዣውን በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ ነገር ግን ላለፉት አራት ወራት በርዎ ፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ስቀመጥ በበሩ ሥር የሚወጣው ቀዝቃዛ አየር ቁርጭምጭሚቴን ሲዳብሰው ይውላል። ከቢሮዎ እስከ ዛሬ ያገኘሁት ፈጣን ምላሽ ይኸው ስለሆነ ሳላመሰግን ባልፍ ውለታ ቢስ እሆናለሁ።

እኔ በአንድ ማተሚያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት በአራሚነት ያገለገልኩ ጡረተኛ ነኝ። አራሚ ማለት ሰው የጻፈውን እያነበበ የጎደለውን ፊደል የሚሞላ፣ የተረፈውን የሚነቅል፣ ስሙ ግን መጽሐፉ ላይ የማይወጣ ሰው ነው። ባለቤቴ ደግሞ ሃያ ስምንት ዓመት አዋላጅ ነርስ ነበረች። ዛሬ ሳንባዋ ደክሞ፣ አፍንጫዋ ላይ በተሰካ ቀጭን ቱቦ፣ ከአየር ኦክስጅን እየለየ በሚሰጣት የኮመዲኖ ቁመት ባለው ማሽን ትተነፍሳለች። ማሽኑ ሶኬት ይፈልጋል። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሁሉ ከዚህች አጭር ዓረፍተ ነገር የተነሣ መሆኑን ክቡርነትዎ ከወዲሁ ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ።

ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁት እርስዎን በአደባባይ ለማሳጣት እንዳይመስልዎ። በዝግ ፖስታ የላክኋቸው ሰባት ደብዳቤዎች የውሃ ሽታ ሆነው ስለቀሩ፣ ምናልባት ፖስታው አልከፈት ብሎ አስቸግሯችሁ ይሆናል በሚል ቅን ልቦና ነው። እነሆ፣ አሁን የሚከፈት ነገር የለም።

አንደኛ፦ ስለ ቆጣሪው

ከስምንት ወር በፊት ባለቤቴና እኔ ያለ የሌለ ጥሪታችንን አሟጥጠን ጣሪያችን ላይ ስምንት የፀሐይ ፓነል አስተከልን። የተከለልን ባለሙያ ባትሪ ያለው ዓይነት ከአቅማችን በላይ መሆኑን ሲያይ፣ ከእናንተ መስመር ጋር ተጋግዞ የሚሠራውን መረጠልን። ቀን ቀን ፀሐዩ የባለቤቴን ማሽን ያንቀሳቅሳል፣ የተረፈው ወደ እናንተ መስመር ይሄዳል፣ ሲመሽ ደግሞ እናንተ ተራውን ትረከባላችሁ። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ «እሰየው፣ በስተርጅና ለሰፈር የምንሰጠው ነገር ተገኘ» ብላ በጣም ደስ አላት።

ቆጣሪያችን ከበሩ በስተግራ የተሰቀለው፣ መሐሉ ላይ ቀይ ምልክት ያላት ክብ ብረት የምትሽከረከርበት የድሮው ዓይነት ነው። ረፋዱ ላይ ያቺ ብረት ቀስ እያለች ትቆምና፣ ጥቂት አሰብ አድርጋ፣ ወደ ኋላ መዞር ትጀምራለች። የባለቤቴ ቱቦ እስከ በሩ ስለሚደርስ ወንበር አስወጥታ እያየቻት ትቀመጥ ነበር። ያቺ ወደ ኋላ የምትዞር ብረት ለእኛ ቤት ከቴሌቪዥን ትበልጥ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በወሩ መጨረሻ ሰፈሩ ሁሉ «ብቅ ጥልቅ» የሚለው ቆጣሪ አንባቢዎ መጣና ቁጥሩ ካለፈው ወር አንሶ ሲያገኘው አፉን በእጁ ያዘ። እጁ ላይ ያለችው መመዝገቢያ ያነሰ ቁጥር አልቀበልም ብላ ጮኸችበት። ደግሞ ሞከረ፣ ደግማ ጮኸች። ሦስተኛው ላይ ላብ በላብ ሆኖ «እማማ፣ ይቺ ነገር ከሥራዬ ልታባርረኝ ነው እኮ፤ ያለፈውን ወር ቁጥር እራሱን ልጻፈውና እንገላገል» አለና ጻፈው። መመዝገቢያዋ ያንን ያለ አንዳች ማንገራገር ተቀበለች። እኔ በሰውየው አልተቀየምኩም፤ እውነቱን እምቢ፣ ውሸቱን እሺ ማለትን ለመሣሪያዋ ያስተማራት እሱ አይደለም። በሚቀጥለውም ወር፣ በሚቀጥለውም እንዲሁ አደረገ። በዚህ መሠረት በመዝገባችሁ ላይ ሦስት ወር ሙሉ አንድ አምፖል ሳናበራ ኖርን ማለት ነው።

ሁለተኛ፦ ስለ አንዲት ፊደል

ሦስተኛው ወር እንዳለቀ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ በባለቤቴ ስም ደረሰን። ቤቱ ከአባቷ የወረሰችው በመሆኑ የመብራቱ ውል የእሷ ነው። መነጽሬ ጓዳ ቀርቶ ስለነበር ራሷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው፤ «ላለፉት ሦስት ወራት ጠቃሚ ስላልሆኑ ከመዝገብ የተሰረዙ መሆኑን እናስታውቃለን» ይላል።

ክቡርነትዎ፣ ሊባል የተፈለገው «ተጠቃሚ» እንደነበር ወዲያው ገብቶኛል። ጸሐፊዋ ስትጣደፍ ጣቷ የመጀመሪያዋን ፊደል ዘልሎ አለፈ። እንዲህ ያለ ስሕተት በዘመኔ ስንቱን አርሜያለሁ፣ የማንም እጅ ይስታል። ነገር ግን ተጠቃሚ ሌላው የሚጠቅመው ሰው ነው፣ ጠቃሚ ደግሞ ሌላውን የሚጠቅም። በሁለቱ መሐል ያለችው ያቺ አንዲት «ተ» ብቻ ናት፤ እሷ በመውደቋ የአንድን ሰፈር ልጆች እትብት ስትቆርጥ የኖረች ሴት፣ አልጋዋ ላይ ሆና፣ ጠቃሚ አለመሆኗን በማኅተም ተነገራት። እሷማ «አይ እነሱ፣ እኔ ከታመምኩ ጀምሮ የማውቀውን አሁን ገና ደረሱበት?» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ጓዳ ገብቼ መነጽሬን የምፈልግ መስዬ ቆየሁ።

በነገራችን ላይ ጸሐፊዋ በዚያው ጥድፊያ «ስላልሆኑ» የሚለውን «ስለሆኑ» ብላ ብትሳሳት ኖሮ፣ ደብዳቤው ከመሥሪያ ቤታችሁ የወጣ ፍጹም እውነት ይሆን ነበር፤ በእነዚያ ሦስት ወራት ከጣሪያችን የወጣው ኃይል የጎረቤቶቻችንን ቤት ሲያበራ ከርሟልና። እርማቱን በቀይ እስክሪብቶ ሠርቼ መልሼ ልኬላችኋለሁ። ስለ አገልግሎቴ ምንም አልጠይቅም።

ሦስተኛ፦ ስለ መቆረጡና ስለ መስኮት ቁጥር አራት

ከደብዳቤው በአራተኛው ቀን መሰላል የተሸከሙ ሁለት ሠራተኞች መጡ። ጨዋ ልጆች ነበሩ፣ ጫማቸውን ሳይቀር ጠርገው ነው የገቡት። ወረቀታቸው ላይ «ሰው የማይኖርበት ቤት» ተብሎ ስለተጻፈ ባለቤቴን አልጋ ላይ ሲያዩ ግራ ተጋቡ። እሷም «መዝገቡ የለችም ካለ እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ለማንኛውም ሻይ ጠጡ» አለቻቸው። ሻዩን አልጠጡም፤ ሥራ ላይ ነበሩ። መስመሩን ከምሰሶው ላይ ቆርጠው፣ አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ።

ያን ጊዜ ነው ያላወቅነውን ያወቅነው። የእናንተ መስመር ሲቋረጥ የእኛም ፀሐይ ይቆማል። የተከለልንን ባለሙያ በስልክ ብጠይቀው፣ ምሰሶ ላይ ያሉ ሠራተኞቻችሁን ከጣሪያችን የሚመጣ ኃይል እንዳይነዝራቸው ሲባል ሆን ተብሎ እንደዚያ መሠራቱን አስረዳኝ። ይህን ስሰማ ልቤ በኩራት ተሞላ ክቡርነትዎ፤ በዚህ ሁሉ ሂደት ውስጥ ለሌላው ሰው ነፍስ ተጨንቆ የተሠራ አንድ ነገር ቢኖር እሱ ነውና። ፀሐዩ ጣሪያችን ላይ ተንጣሎ፣ ስምንት ፓነል እያብረቀረቀ፣ ከሥሩ ማሽኑ አንዴ ረዘም አድርጎ ጮኸና ዝም አለ። ባለቤቴን ለክፉ ቀን በተቀመጠችው ትንሽ የኦክስጅን ሲሊንደር ላይ አዛወርኳት። ሲሊንደሯ ለሁለት ሰዓት ትበቃለች።

በማግስቱ መስኮት ቁጥር አራት ቀረብኩ። እዚያ የተቀመጠችው ልጅ ትዕግሥተኛ ናት፤ «አባባ፣ ቅሬታ ማቅረብ የሚችለው ተጠቃሚ ብቻ ነው፣ እናንተ ደግሞ ተጠቃሚ አይደላችሁም» አለችኝ። ተጠቃሚ ያልሆንነው እኮ ስለቆረጣችሁብን ነው ብላት፣ ከልቧ አዝና «እሱን ታዲያ ቅሬታ አድርገው ያቅርቡት» አለችኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ዓረፍተ ነገር ሳስተካክል ኖሬ መግቢያም መውጫም የሌለው ዓረፍተ ነገር ሲገጥመኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

አራተኛ፦ ስለ ወንዛችን

ይህችው ልጅ እኔን ለመርዳት አስባ፣ ተጠቃሚ ካልሆንን አመንጪ መሆናችን እንደማይቀር ጠቁማ ወደ ኃይል አመንጪዎች ክፍል መራችኝ። እዚያ አሥራ አንድ ገጽ ቅጽ ተሰጠኝ። ቅጹ እንደ ሥራ ድንቅ ነው፤ አራት የፊደል ግድፈት ብቻ ነው ያገኘሁበት። የመጀመሪያው ጥያቄ የምንጠቀምበትን ወንዝ ስም ይጠይቃል። «ወንዝ የለንም» ብዬ ጻፍኩ። «የለም» የሚል መልስ አይስተናገድም ተብሎ ተመለሰ። «ፀሐይ» ብዬ ብጽፍ፣ በዚህ ስም የሚታወቅ ወንዝ በመዝገብ የለም ተብሎ ደግሞ ተመለሰ። እግሬ እስኪቀጥን ከተመላለስኩ በኋላ፣ ውሃ የሚወርድበት ነገር ቤታችን ውስጥ ምን እንዳለ አሰብኩና «የጣሪያ አሸንዳ» ብዬ ሞላሁት። አለፈ!

የግድቡ ከፍታ ለሚለው ጣሪያችንን በሜትር ለክቼ ሦስት ሜትር ከሃያ አልኩ። የጥበቃ ሠራተኞች ብዛት ለሚለው የራሴን ስም ጻፍኩ። ከዚያ በገጽ ዘጠኝ ላይ «በግድቡ ምክንያት ከመኖሪያቸው የተነሡ ሰዎች ብዛት» የሚል ጥያቄ አለ። «አንድ። ባለቤቴ» ብዬ ጻፍኩ። በቅጹ ውስጥ ካሉት መልሶቼ ሁሉ እውነት የሆነው እሱ ብቻ ነው፤ እንዴት እንደሆነ በሚቀጥለው ተራ ቁጥር እገልጻለሁ።

ቅጹ ተቀባይነት አግኝቶ፣ የወንዙን ፍሰት የሚያጠና ቡድን ክረምት ሲገባ እንደሚላክልን በጽሑፍ ተገልጾልኛል። አሸንዳችን ክረምት ላይ ጥሩ ስለሚፈስ ውጤቱ የሚያኮራ እንደሚሆን አልጠራጠርም። ክረምት እስኪገባ ግን አምስት ወር ይቀራል።

አምስተኛ፦ ስለ ልብስ ሰፊዋ

ሲሊንደሯ ልታልቅ ስትቃረብ ከአጥር ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ ጎረቤታችን «እትዬ እኔ ጋ ትምጣ፣ እኔ ጋ ሶኬት ሞልቷል» ብላ የመቁረጫ ጠረጴዛዋን ወደ ግድግዳ ገፋችና አልጋ ዘረጋችላት። ማሽኑን በጋሪ፣ ባለቤቴን በክንዴ ደግፌ አሻገርኳቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ አራት ወር ሊሞላ ነው፣ ባለቤቴ በተንጠለጠሉ ቀሚሶችና በጨርቅ ጥቅልሎች መሐል ትኖራለች። ደንበኞች ልብስ ሊለኩ ሲመጡ ከአልጋዋ ሆና «ወገቡ ትንሽ ይግባ፣ እጅጌው ይርዘም» እያለች ታማክራለች። ልብስ ሰፊዋ፣ ዕድሜ ይስጣትና፣ «እትዬ ከመጣች ወዲህ ደንበኛ ጨመረልኝ» ትላለች፤ እንዳይከብደን ብላ እንደምትለው ግን ሁላችንም እናውቃለን።

እኔ ጧት ጧት በሯን አንኳኩቼ ሚስቴን እጠይቃለሁ። ከአርባ ሦስት ዓመት ጋብቻ በኋላ ሰው የገዛ ሚስቱን እንደ እንግዳ ተቀምጦ ሲጠይቅ ምን እንደሚያወራ ይጠፋዋል። ሲመሽ እሷን እዚያ ትቼ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ቤቱ ጨለማ ነው።

አሁን ይህም ሊቀርብን ነው። ባለፈው ወር የልብስ ሰፊዋ ቆጣሪ ከወትሮው በዝቶ ስለቆጠረ ተቆጣጣሪ ተላከባት። ማሽኑን አየ፣ ቱቦውን በዓይኑ ተከትሎ ባለቤቴ ጋ ደረሰ፣ ወረቀት ሞላ። ትናንት የመጣላት ማስጠንቀቂያ፣ በልብስ ስፌት ውል ያልተፈቀደ የሕክምና ተቋም ማንቀሳቀሷን ጠቅሶ፣ መሣሪያውን በአሥር ቀን ውስጥ ካላስወጣች መስመሯ እንደሚቆረጥ ያስታውቃል። እኛ ስላነስን ተቆረጥን፣ እሷ ስለበዛች ልትቆረጥ ነው። ልኩ የቱ ጋ እንደሆነ ቢነግሩን በዚያ ልክ ለመተንፈስ ባለቤቴ ዝግጁ ናት።

ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን አጥፋ መሳቢያዋ ውስጥ ከታ «እትዬ እንዳትሰማ» አለችኝ። ሴትዮዋ በዚያ የስፌት መኪና ሦስት ልጆች ታሳድጋለች። ከእንግዲህ ሸክም ልሁንባት የምልበት ፊት የለኝም።

ስድስተኛ፦ ስለ ስም ዝውውር

ውሉ ወደ እኔ ስም ቢዞር እንደ አዲስ አመልካች መስመር መጠየቅ እንደምችል ተነግሮኛል። ለዚህም የውሉ ባለቤት በአካል ሦስተኛ ፎቅ ቀርባ መፈረም አለባት፤ ከፈረመችም በኋላ ኮሚቴው ጉዳዩን ለማየት ዘጠና ቀን ይወስዳል። ባለቤቴ ከአልጋዋ እስከ ልብስ ሰፊዋ በር ለመድረስ ሁለት ጊዜ ታርፋለች። ፈራሚው ሰው ወደ እሷ መጥቶ ቢያስፈርማት ብዬ ጠይቄ ነበር፤ ማኅተሙ ከሕንፃው እንደማይወጣ ተገልጾልኛል።

ሰባተኛ፦ ስለ አሳንሰሩ

የሕንፃችሁ አሳንሰር በር ላይ «ኃይል ለመቆጠብ ሲባል አገልግሎት አቋርጧል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። በዚህ ላይ የምለው የለኝም።

ክቡርነትዎ፣

ቅሬታዬ እዚህ ላይ ያበቃል። ቀጥሎ በደንቡ መሠረት «አስቸኳይ መፍትሔ እንዲሰጠኝ» ተብሎ መጻፍ እንዳለበት አውቃለሁ፤ ያንን ዓረፍተ ነገር በሰባቱ ደብዳቤዎቼ ላይ ጽፌዋለሁ፣ ስምንተኛ ጊዜ መጻፉ ውሃ መውቀጥ ሆነብኝ። መስመሩ ይቀጠላል ብዬ ተስፋ ማድረግ ከተውኩ ሰንብቻለሁ። ታዲያ ለምን ትጽፋለህ ቢሉኝ፣ አሥሩ ቀን ሲያልቅ «ሳናውቅ» የሚል ቃል ከመሥሪያ ቤታችሁ እንዳይወጣ ነው። እንደዚያ የሚል ወረቀት ወደፊት ቢጻፍ፣ አንድ ሌላ አራሚ ይህን ደብዳቤ ከጎኑ አስቀምጦ «ሳናውቅ» የሚለውን ይሰርዝልኛል፣ «እያወቅን» ብሎም ያስተካክለዋል ብዬ አስባለሁ።

እስከዚያው ግን፣ ቀዝቃዛውን አየር በበርዎ ሥር ስላካፈሉኝ፣ አግዳሚ ወንበሩን ስላላስነሡብኝ፣ ሠራተኞችዎም ሲቆርጡብን እንኳ ጫማቸውን እንዲጠርጉ አድርገው ስላሳደጓቸው ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ወገቤ በሚፈቅደው መጠን እጅ እየነሣሁ፣ ሥልጣንዎ እንዲረዝም፣ መብራትዎም ለአፍታ እንዳይጠፋ የምመኝ፣

የቀድሞዋ ተጠቃሚ ባል፣ የአሸንዳው ወንዝ ጥበቃ ሠራተኛ፣
ጡረተኛው አራሚ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ገልብጬ ከጨረስኩ በኋላ የረሳሁት ነገር እንዳይኖር ዛሬ ጧት እንደገና ወደ መስኮት ቁጥር አራት ሄጄ ነበር። ልጅቷ ግራ ቀኝ አይታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ከጀርባዋ የተሰቀለውን የአገልግሎት መስጫ ጊዜ ሰሌዳ በእስክሪብቶዋ አመለከተችኝ። የስም ዝውውር ከሚለው ሥር ሁለት መስመር አለ። ሁለቱም ወገን በሕይወት ካሉ፣ ዘጠና ቀን። የውሉ ባለቤት በሞት ሲለዩ፣ ለወራሽ፣ ኮሚቴ ሳያስፈልግ፣ ከአዲስ ቆጣሪ ጋር፣ ሦስት ቀን። ልጅቷ ክፋት አስባ እንዳልሆነ ምስክር ነኝ፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ከባለቤቴ ምንም ደብቄ ስለማላውቅ ይህንንም ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና፣ ሦስት ቀን ሲባል የሥራ ቀን ነው ወይስ ቅዳሜና እሑድን ይጨምራል ብላ ጠየቀችኝ። ሰሌዳው ላይ አልተገለጸምና ክቡርነትዎ መልሱን በጽሑፍ እንዲሰጡኝ በትሕትና እለምናለሁ። በቃል ከሆነ ለእሷ መንገሩ ይከብደኛል።